ራውተሩ «ደርሶኛል» ብሎ ሲመልስ፦ ዲኤልስዊች ምንድን ነው? በትዕዛዝስ እንዴት ይዋቀራል?

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሮጌ ራውተር፣ ማለትም ኔትዎርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ይቀየር ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። በአሮጌው ላይ ያለውን ኮንፊገሬሽን አንብቤ ወደ አዲሱ ማዛወር ነበረብኝ። «ሾው ራን» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አድራሻዎቹ ገቡኝ። የሩቲንግ መስመሮቹም ገቡኝ። መሃል ላይ ግን ዲ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ደብሊው በሚሉ አራት ፊደላት የሚጀምሩ ሦስት መስመሮች ቁጭ ብለዋል። የቢሮውን ልጆች ጠየቅኩ። «እኔ ስቀጠርም ነበሩ» አለኝ አንዱ። ሌላው ደግሞ «እነሱን እንዳትነካቸው፣ የሆነ ነገር ይቆማል» አለኝ። ምኑ እንደሚቆም ግን አያውቅም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሦስት መስመሮች ነው።

መጀመሪያ ጥቂት ማሳሰቢያ። ትዕዛዞቹን ስናነባቸው እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ የሚገቡት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ዲኤልስዊች» ባልኩበት ትዕዛዝ ሁሉ የሚተየበው ከላይ ያሉት አራት ፊደላት ብቻ ነው። የማወራው ስለ ሲስኮ ራውተር ነው። ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ስዊች ይላል፤ ታዲያ ስዊች ነው?

አይደለም። ቢሮ ውስጥ ኬብል የሚሰካበት ስዊች ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ዲኤልስዊች፣ ሙሉ ስሙ ዳታ ሊንክ ስዊቺንግ፣ ራውተር ውስጥ ያለ የሶፍትዌር ችሎታ ነው። አይፒ የሚባለውን፣ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ደንብ፣ የማያውቁ የድሮ ማሽኖች የሚልኩትን ዳታ ይቀበላል። በቲሲፒ፣ ማለትም በአይፒ ላይ ዳታን አረጋግጦ በሚያደርስ ደንብ፣ ይጠቀልለዋል። በአይፒ ኔትዎርክ ላይ አሻግሮ እዚያ ማዶ ያለው ራውተር እንዲፈታው ያደርጋል። ማሽኖቹ መሃል ላይ አይፒ እንዳለ ጭራሽ አያውቁም። አንድ ኬብል ላይ የተሰኩ ይመስላቸዋል።

እነዚህ የድሮ ማሽኖች የማን ናቸው?

የአይቢኤም። ኩባንያው በ1974 ኤስኤንኤ የተባለ የግንኙነት ሥርዓት አወጣ። ማዕከል ላይ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሜይንፍሬም፣ ይቀመጣል። ዙሪያውን ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ያላቸው ተርሚናሎች፣ ማተሚያዎች፣ የባንክ ማሽኖች ይሰለፋሉ። ባንክ፣ አየር መንገድ፣ ኢንሹራንስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ትልቅ ሒሳብ ያለው ሁሉ ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥርዓት ሠራ። በ1985 ደግሞ አይቢኤም ቶክን ሪንግ የሚባለውን የቢሮ ኔትዎርክ አመጣ። ማሽኖች ክብ ሠርተው በተራ የሚናገሩበት ነው። ኤስኤንኤ በዚያ ላይም ሄደ።

ከዚያ አይፒ መጣ። ኢሜይሉም፣ ፋይሉም፣ አዲሱ ሁሉ በአይፒ ሆነ። ድርጅቶች ለሜይንፍሬሙ አንድ የኪራይ መስመር፣ ለአይፒው ደግሞ ሌላ የኪራይ መስመር መክፈል ጀመሩ። ለአንድ ቅርንጫፍ ሁለት መስመር! ሒሳብ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ይህን ዝም ብሎ አያይም። «አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይሄድም?

ኤስኤንኤ የራሱ የአድራሻ ሥርዓት አለው። ተራ ራውተር የሚያነበው ዓይነት ግን አይደለም። ኬብሉ ላይ ሲወጣ ለሌላው የሚታየው ማክ አድራሻ ብቻ ነው። ማክ አድራሻ ደግሞ እንደ መታወቂያ ቁጥር ነው። ማን እንደሆንክ ይናገራል፤ የት እንደምትኖር አይናገርም። አይፒ አድራሻ ክፍለ ከተማውንም ወረዳውንም ይዟል። ራውተር የሚሠራው ክፍለ ከተማውን አይቶ ነው። መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይዞ «ይህን ሰው አድርስልኝ» ቢሉት የት ይሂድ?

ከዲኤልስዊች በፊት የነበረው መላ ቅርንጫፎቹን በብሪጅ፣ ማለትም ሁለት ኔትዎርኮችን እንደ አንድ በሚያደርግ መሣሪያ፣ ማያያዝ ነበር። ያም ሦስት ጣጣ አመጣ። አንደኛ፣ አንድ ማሽን ሌላውን ሲፈልግ በሁሉም መንገድ ጥሩምባ ያስነፋል። ሩቅ ያለው ቀርፋፋ መስመር በጥሪ ብቻ ይጨናነቃል። ሁለተኛ፣ የቶክን ሪንግ መንገድ ከሰባት ብሪጅ በላይ አይሻገርም። ሦስተኛው ግን የባሰ ነው፦ ትዕግሥት ማጣት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዲኤልስዊች ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው።

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደሴ ላለች ልጇ እሽግ ትልካለች እንበል። ድሮ ልጅቷ ጎረቤት ነበረች። እናትየው እቃውን አቀብላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» የሚል ድምፅ በአጥር ላይ ትሰማለች። ይህን ለመደች። አሁን ልጅቷ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃለች። እናትየው ግን ልማዷን አልተወችም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» ካልተባለች እቃው ጠፋ ብላ ሌላ እሽግ ትልካለች። ደጋግማ ልካ መልስ ካጣች ደግሞ «ልጄ ረሳችኝ» ብላ ትኮራረፋለች። ልጅቷ ምን አጠፋች? መንገዱ ነው የረዘመው።

የኤስኤንኤ ማሽኖች እንደዚህች እናት ናቸው። በቢሮ ኔትዎርክ ላይ ሲነጋገሩ ኤልኤልሲ2 የሚባል ደንብ ይጠቀማሉ። ደንቡ ለተላከው ሁሉ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ሲስኮ ራውተር ራሱ በኤልኤልሲ2 ሲነጋገር፣ ካልተነካ በስተቀር፣ ማረጋገጫውን የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ነው። ካልመጣ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። በመጨረሻ ግንኙነቱን ይቆርጣል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ 1 ሰከንድ ዘላለም ነው። በተጨናነቀ የሩቅ መስመር ላይ ግን አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ቢያወርድ ያ ሰከንድ ያልፋል። ያኔ የገንዘብ ተቀባዩ ስክሪን ይጠፋል።

ዲኤልስዊች ምን አደረገ?

እናትየው ሰፈር ውስጥ አንድ ወኪል አስቀመጠ። እሽጉን ስትሰጠው ወዲያው «ደርሶኛል» ይላታል። ልጅቷ ጋ አልደረሰም፤ የደረሰው እሱ ጋ ነው። እሷ ግን ጸጥ ትላለች። ከዚያ በኋላ እቃውን ደሴ ላለው ባልደረባው ማድረስ የወኪሉ አደራ ነው። በትክክለኛው ስሙ ይህ የቅርብ ማረጋገጫ ይባላል። ራውተሩ በሩቁ ማሽን ስም ቆሞ እዚሁ ማረጋገጫ ይሰጣል። «አለህ?» «አለሁ» የሚባለው የማያቋርጥ ወሬም እዚሁ ሰፈር ይቀራል፤ ሩቁን መስመር አይነካም።

ውሸት ነው? ግማሹ ውሸት ነው። ግን ወኪሉ ባዶ እጁን አይዋሽም። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ያለው ቲሲፒ ነው፤ ቲሲፒ ደግሞ የጠፋን ደግሞ የሚልክ፣ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ፕሮቶኮል ነው። የቲሲፒው ግንኙነት ራሱ ከተቋረጠ ወኪሉ መዋሸቱን ያቆማል። በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ማሽኖች «መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ ይለያያቸዋል።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያወጣው ራሱ አይቢኤም ነው፤ 6611 በተባለው ራውተሩ ላይ። በ1993 አርኤፍሲ በሚባሉት የኢንተርኔት ደንብ ሰነዶች ውስጥ፣ አርኤፍሲ 1434 በሚል ቁጥር ለሕዝብ ታተመ። በ1995 በአርኤፍሲ 1795 ተተካና የተለያዩ አምራቾች የሚስማሙበት መደበኛ ደንብ ሆነ። በ1997 በአርኤፍሲ 2166 ተሻሻለ። ሲስኮ የራሱን ተጨማሪ አክሎበት «ዲኤልስዊች ፕላስ» አለው።

ሁለቱ ራውተሮች እንዴት ይግባባሉ?

እዚህ ሁለት ቃል መለየት አለብን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነሱን በማቀላቀል ነው። አንዱ ፒር ነው፣ አቻ ማለት። ሁለት ራውተሮች በቲሲፒ ሲጨባበጡ ፒር ይሆናሉ። ለዚህም 2065 እና 2067 የተባሉ የቲሲፒ ፖርቶች፣ ማለትም የበር ቁጥሮች፣ ተመድበዋል። መሃል ላይ ፋየርዎል ካለ እነዚህ ካልተከፈቱ ነገሩ ገና ከበሩ ይቀራል። ከተጨባበጡ በኋላ «አንተ ምን ትችላለህ?» ተባብለው ችሎታቸውን ይለዋወጣሉ።

ሁለተኛው ቃል ሰርኪት ነው። ሰርኪት ከአንዱ ጫፍ ማሽን እስከ ሌላኛው ጫፍ ማሽን የሚዘረጋ የአንድ ጥንድ ግንኙነት ነው። ፒሩ አውቶብሱ ነው፤ ሰርኪቶቹ ውስጡ የተጫኑት እሽጎች። በአንድ ፒር ላይ ብዙ ሰርኪት ይጫናል። አውቶብሱ እየተመላለሰ አንድም እሽግ ላይኖርበትም ይችላል።

ሰርኪት የሚጀመርበት መንገድ ደስ ይላል። የቅርንጫፉ ተርሚናል የሜይንፍሬሙን ማክ አድራሻ ይጠራል። ራውተሩ ይሰማና አቻዎቹን «ካንዩሪች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልታገኘው ትችላለህ ወይ ማለት ነው። ያለበት ራውተር «አይካንሪች» ብሎ ይመልሳል፤ እኔ አገኘዋለሁ። በፕሮቶኮሉ ውስጥ መልእክቶቹ ስማቸው ይኸው ነው፣ እኔ አላሳመርኩትም። መልሱ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ለዚያው አድራሻ ጥሩምባ አይነፋም፤ ራውተሩ ከማስታወሻው ያያል።

እሺ፣ ትዕዛዞቹስ?

የዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር ቶክን ሪንግ ላይ ነው፣ ሜይንፍሬሙም እዚያው ነው እንበል። ቅርንጫፉ ኢተርኔት፣ ማለትም ዛሬ የተለመደው የቢሮ ኔትዎርክ፣ ላይ ነው። በመካከላቸው አይፒ ይሠራል። አይፒው ካልሠራ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

በመጀመሪያ ዋናው ራውተር ላይ ሉፕባክ እንፍጠር፦

ኢንተርፌስ ሉፕባክ 0
አይፒ አድሬስ 10.255.0.1 255.255.255.255

ኢንተርፌስ የራውተሩ መሰኪያ ነው፤ ሉፕባክ ደግሞ ኬብል የሌለው፣ በሐሳብ ብቻ ያለ ኢንተርፌስ ነው። የእውነተኛ ኢንተርፌስ አድራሻ ብንጠቀም ያ ኬብል ሲነቀል አድራሻውም ይሞታል። ሉፕባክ ግን ራውተሩ እስካለ ድረስ አለ። ወደ ራውተሩ ሌላ መንገድ ካለ ፒሩ በዚያ ይቀጥላል። ግዴታ አይደለም፤ ግን ያላደረገው ሰው አንድ ሌሊት ይጸጸታል። የሉፕባኩ አድራሻ ደግሞ በሩቲንግ ለማዶው መታወቅ አለበት። ከሉፕባክ ወደ ሉፕባክ ፒንግ አድርጋችሁ፣ ማለትም «አለህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ መልስ መምጣቱን እዩ።

አሁን ዋናዎቹ ሁለት መስመሮች፦

ዲኤልስዊች ሎካል-ፒር ፒር-አይዲ 10.255.0.1
ዲኤልስዊች ሪሞት-ፒር 0 ቲሲፒ 10.255.0.2

የመጀመሪያው «እኔ ይህ ነኝ» ነው። ያለ እሱ ራውተሩ ዲኤልስዊችን ጨርሶ አይጀምርም። ሁለተኛው «አቻዬ ያ ነው፣ በቲሲፒ አናግረዋለሁ» ነው። መሃል ያለችው ዜሮ ብዙ ሰው ግራ ታጋባለች። ከዚህ አቻ ጋር የትኞቹ ሪንጎችና ፖርቶች ይነጋገሩ የሚል ዝርዝር ቁጥር ናት። ዜሮ «ሁሉም» ማለት ነው። ለየት ያለ ፍላጎት ከሌላችሁ ዜሮ አድርጋችሁ እለፉ።

ቅርንጫፉ ላይ ይኸው ይገለበጣል፦

ዲኤልስዊች ሎካል-ፒር ፒር-አይዲ 10.255.0.2
ዲኤልስዊች ሪሞት-ፒር 0 ቲሲፒ 10.255.0.1

እዚህ ያለው ሪሞት እዚያ ካለው ሎካል ጋር በአንድ ቁጥር እንኳ ከተለያየ አይጨባበጡም። ዋናው መሥሪያ ቤት ሉፕባክ ተጠቅሞ ቅርንጫፉ የሲሪያል ኢንተርፌሱን አድራሻ ቢጽፍ፣ ሁለቱም አድራሻ የአንድ ራውተር ቢሆንም አይሠራም። ብዙ ጊዜ የሚያስለፋው ይህ ነው።

ቅርንጫፉ መቶ ቢሆንስ? ዋናው ራውተር ላይ መቶ የሪሞት መስመር መጻፍ አያስፈልግም። በሎካል-ፒሩ መስመር መጨረሻ «ፕሮሚስኪየስ» የሚል ቃል ይጨመራል። «ስሜን ጠርቶ የመጣ ሁሉ ይግባ» ማለት ነው። ምቹ ነው። አደጋም አለው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወኪሉን ሰፈሩ ውስጥ ማስቀመጥስ?

እስካሁን ሁለቱ ወኪሎች እርስ በርስ ተዋወቁ። ከሰፈሩ ሰው ጋር ግን አልተዋወቁም። ኢተርኔት ባለበት ቅርንጫፍ እንዲህ ይሆናል፦

ዲኤልስዊች ብሪጅ-ግሩፕ 1
ብሪጅ 1 ፕሮቶኮል አይትሪፕልኢ
ኢንተርፌስ ኢተርኔት 0
ብሪጅ-ግሩፕ 1

ብሪጅ-ግሩፕ 1 የሚባል አንድ ማኅበር ተቋቋመ፤ ዲኤልስዊች አባል ሆነ፣ የኢተርኔት ኢንተርፌሱም አባል ሆነ። አባላቱ ይሰማማሉ። የመጨረሻዋን መስመር ኢንተርፌሱ ውስጥ ገብቶ መጻፍ የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ያኔ ፒሩ አምሮበት ይቆማል፣ ተርሚናሉን የሚሰማ ግን የለም።

ቶክን ሪንግ ባለበት ደግሞ፦

ሶርስ-ብሪጅ ሪንግ-ግሩፕ 100
ኢንተርፌስ ቶክንሪንግ 0
ሪንግ-ስፒድ 16
ሶርስ-ብሪጅ 1 1 100
ሶርስ-ብሪጅ ስፓኒንግ

100 ራውተሩ ውስጥ ያለ የሐሳብ ሪንግ ነው። «1 1 100» የሚለው ሲነበብ፦ እውነተኛው ሪንግ ቁጥሩ 1፣ የሚያገናኘው ብሪጅ ቁጥሩ 1፣ የሚደርሰው ደግሞ ሪንግ 100። የእያንዳንዱ ማሽን መንገድ እዚህ የሐሳብ ሪንግ ላይ ያበቃል። ማዶ ላይ ከዜሮ ይቆጠራል። ያ የሰባት ብሪጅ ገደብ በዚህ ተሸነፈ።

ብዙ የድሮ ማሽኖች በሲሪያል ኬብል፣ ኤስዲኤልሲ በሚባል ደንብ በቀጥታ ራውተሩ ላይ ይሰካሉ። ለእነሱ ራውተሩ የውሸት ማክ አድራሻ ይፈጥርላቸዋል። እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልናገር አላልፍም። በአንድ የኢተርኔት ኔትዎርክ ላይ ሁለት ራውተር አስቀምጣችሁ፣ «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል» ብላችሁ ሁለቱም ላይ ከላይ ያለውን ብሪጅ-ግሩፕ አታድርጉ። ቶክን ሪንግ፣ ፍሬሙ (ኬብሉ ላይ የሚሄደው የዳታ ጥቅል) ያለፈበትን መንገድ በላዩ ይጽፋል። ኢተርኔት አይጽፍም። ስለዚህ አንዱ ያስገባውን ሌላው እንደ አዲስ አንስቶ ይልከዋል፤ ፍሬሙም ሲዞር ይውላል። ሲስኮ ለዚህ ችግር በኋላ ላይ የተለየ መፍትሔ አዘጋጅቷል፤ ሁለት ራውተር የግድ ከሆነ እሱን ፈልጉ።

ራውተሩ ገና የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ስትጽፉ «አላውቀውም» ካላችሁ ደግሞ የተጫነው የአይኦኤስ (የሲስኮ ራውተር ሶፍትዌር) ዓይነት ዲኤልስዊችን አልያዘም ማለት ነው። የእናንተ ጥፋት አይደለም። ስትጨርሱ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» አትርሱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሥራችሁ ሁሉ የለም።

«ኮኔክት» ይላል፤ ለምን አይሠራም ታዲያ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሰው ያስመሻል። መልሱ ከላይ ያልነው ነው፤ አውቶብሱ መጣ ማለት እሽጉ መጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ በቅደም ተከተል እናያለን።

«ሾው ዲኤልስዊች ፒርስ» አውቶብሱን ያሳያል። ሁኔታው «ኮኔክት» ካለ ወኪሎቹ ተጨባብጠዋል። «ዲስኮን» ካለ አልተገናኙም፤ አድራሻውን፣ ሩቲንጉን፣ ፋየርዎሉን እዩ።

«ሾው ዲኤልስዊች ሪቻቢሊቲ» ማን የት እንዳለ የተጻፈበትን ማስታወሻ ያሳያል። የምትፈልጉት አድራሻ «ፋውንድ» ከሆነ ተገኝቷል። «ሰርቺንግ» ላይ ከቆየ ጥሩምባው እየተነፋ ነው፣ የሚመልስ ግን የለም።

«ሾው ዲኤልስዊች ሰርኪትስ» ደግሞ እሽጎቹን ነው። «ኮኔክትድ» ከሆነ ሰላም ነው። «ሰርኪት ኢስታብሊሽድ» ላይ ከቆመ ግን ልብ በሉ። ራውተሮቹ የድርሻቸውን ጨርሰዋል፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ማሽኖች ናቸው ያልተግባቡት። አብዛኛውን ጊዜ ሜይንፍሬሙ ላይ ያ ተርሚናል አልተመዘገበም ወይም አልተከፈተም። ያኔ ራውተሩን ትታችሁ ወደ ሜይንፍሬም ክፍል ስልክ ደውሉ። እነሱ «ኔትዎርኩ ነው» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህን ስክሪን አሳዩአቸው።

ሁሉም ልክ ሆኖ አድራሻው ብቻ የማይገኝስ?

ይቺ ጉድ ናት። ቶክን ሪንግና ኢተርኔት አንድን ማክ አድራሻ እኩል አያነቡትም። አድራሻው ስድስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ስምንት ቢት አለው። ኢተርኔት የባይቱን ቢቶች ከአንድ ወገን ሲጀምር ቶክን ሪንግ ከሌላው ወገን ይጀምራል። የባይቶቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የየባይቱ ሆድ ብቻ ነው የሚገለበጠው።

በምሳሌ እንየው። ማክ አድራሻ የሚጻፈው በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በአሥራ ስድስት መሠረት ባለው አቆጣጠር ነው። በዚያ አቆጣጠር 40 በቢት ሲጻፍ 01000000 ነው። ከኋላ ስናነበው 00000010 ይሆናል፤ ያ ደግሞ 02 ነው። በዚህ ዓይነት ቶክን ሪንግ ላይ 4000.1020.6001 የሚባል ሜይንፍሬም ኢተርኔት ላይ ካለ ተርሚናል ሲጠራ ስሙ 0200.0804.0680 ነው። በወረቀት ሥሩትና አረጋግጡ፤ አንዴ በእጅ የሠራው ሰው አይረሳውም።

ፍሬሙ ሲያልፍ ራውተሩ ራሱ ይገለብጠዋል። ችግሩ ሰው ጋ ነው። የሜይንፍሬም ክፍሉ የራሱን አድራሻ ይልክላችኋል፤ ቅርንጫፍ ያለው ልጅ እንደወረደ ኢተርኔቱ ማሽን ላይ ይሞላዋል። ራውተሩ ሲገለብጠው የሌለ አድራሻ ይሆናል። «ሰርቺንግ» ላይ ቆሞ የሚቀረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሪቻቢሊቲው ዝርዝር ደግሞ አድራሻዎቹን የሚያሳየው በቶክን ሪንግ አነባበብ ነው፤ ኢተርኔት ላይ ያለውን ማሽን እንኳ ሳይቀር። ይህን ሳያውቅ «የእኛ ማሽን እዚህ የለም» ያለ ብዙ ነው።

ዛሬም ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

ለአብዛኛው ሰው፣ አይ። አይቢኤም ራሱ ኤስኤንኤን በቀጥታ በአይፒ ላይ የሚያስኬድ ኢንተርፕራይዝ ኤክስቴንደር የሚባል መንገድ አዘጋጀ። መሠረቱ በ1998 በአርኤፍሲ 2353 ወጥቷል፤ ከ12000 እስከ 12004 ባሉ የዩዲፒ (እንደ ቲሲፒ ማረጋገጫ የማይጠብቅ ደንብ) ፖርቶች ይሄዳል። ተርሚናሎቹም ቲኤን3270 በሚባል ፕሮግራም ተተኩ፤ ከተራ ኮምፒውተር በአይፒ ሜይንፍሬም ውስጥ ያስገባል። ሜይንፍሬሞቹ አልጠፉም፤ ወኪሉን ነው የማያስፈልጋቸው።

የማያስፈልግ ወኪል ደግሞ በር ከፍቶ ይቀመጣል። በመጋቢት 2008 ሲስኮ በዲኤልስዊች ላይ ያሉ ክፍተቶችን አሳወቀ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፓኬት በዩዲፒ 2067 ወይም በአይፒ ፕሮቶኮል 91 ሲመጣ ራውተሩ እንደገና ሊነሳ ወይም ሚሞሪው ሊያልቅ ይችል ነበር። በ2014 የተገለጸው ደግሞ ይብሳል። በቲሲፒ 2067 ላይ የተገናኘ የውጭ ሰው ከራውተሩ ሚሞሪ የተራረፈ ነገር ማንበብ ይችል ነበር፤ የይለፍ ቃልን ጨምሮ። «ፕሮሚስኪየስ» አደጋ አለው ያልኩት ለዚህ ነው። የመጣ ሁሉ ይግባ ሲባል የማይፈለገውም ይመጣል። ዲኤልስዊች የግድ ካስፈለገ ፖርቶቹን ለታወቁ አቻዎች ብቻ በአክሰስ-ሊስት፣ ማለትም ማን ይግባ ማን ይከልከል በሚል ዝርዝር፣ ክፈቱ። ወደ ኢንተርኔት በሚወጣው ኢንተርፌስ በኩል ደግሞ ጭራሽ አይታዩ።

ካላስፈለገ መስመሮቹ ይነሳሉ። ከትዕዛዙ ፊት «ኖ» ማለት ብቻ ነው። ግን ከመንካት በፊት «ሾው ዲኤልስዊች ሰርኪትስ» ለቀናት ይታይ፤ የወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ቀንም ይካተት። በወር አንዴ ብቻ የሚነሳ ማሽን ሊኖር ይችላል።

እኔም ያንኑ አደረግኩ። ሦስቱ መስመሮች ሎካል-ፒር፣ ሪሞት-ፒር እና ብሪጅ-ግሩፕ ነበሩ። ፒሩን ሳየው «ዲስኮን» ይላል። የአቻው አድራሻ ፒንግ አይመልስም፤ በሩቲንግ ሰንጠረዡም የለም። የሰርኪቱ ቁጥር ዜሮ ነው። ወር መጨረሻውን ጠበቅኩ፣ አሁንም ዜሮ። አሮጌው ራውተር ላይ «ኖ» ብዬ አነሳኋቸው፣ ወደ አዲሱም አላዛወርኳቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ «እንዳትነካቸው» ያለኝ ልጅ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «እነዚያን መስመሮች አልነካሃቸውም አይደል?» አለኝ።